ስምንት እንዲሞላ

ጆበርግ ከመጣሁ ጀምሮ ሁለት ነገር እምቢ ብሎኝ ኖሯል፤ አንዱ የመኖሪያ ወረቀት ነው፣ ሌላው የድራግ ሬስ ማጣሪያ። የወረቀቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ልተወው።

ክሊፕታውን ውስጥ ትንሽ ስፓዛ አለችኝ፤ ዳቦና ሳሙና እሸጣለሁ። የውድድር ቅዳሜ ሲሆን ግን ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ አሮጌ ጎልፍ መኪናዬን አስነስቼ ከከተማ ወጣ ወዳለው ሜዳ እሄዳለሁ። የድራግ ሬስ ጨዋታ ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ ይፈተለካሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ብቻህን ነድተህ ሰዓትህ ይያዛል፤ ከየምድቡ የሚያልፉት ፈጣኖቹ ስምንት ብቻ ናቸው። እኔ አልፌ አላውቅም። ድሮ ሠላሳ አርባ መኪና ይሰለፍ ስለነበር መውደቄን ልብ የሚል አልነበረም፤ ከብዙ ሰው ጋር መውደቅ ብዙም አያሳፍርም።

ከዚያ ሰው እየሳሳ መጣ። ቤንዚን ተወደደ፣ ጎማ ተወደደ፣ ወጣቶቹም ስልካቸው ላይ መሽቀዳደም ጀመሩ። እኔ ላይ ላዩን ከሌሎቹ ጋር እያዘንኩ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ጥቂት ወር ከታገስኩ በራሴ ፍጥነት ባይሆን በሌሎቹ መቅረት ማለፌ አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ የውድድሩ መዝጋቢ ጠርታኝ ደስታዬን አጠፋችው።

«ቡቲ፣ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት መኪና ካልሞላ የእናንተን ምድብ እንሰርዘዋለን» አለችኝ። «ለዚያ እስካሁን የተመዘገባችሁት ሦስት ናችሁ።»

በማግስቱ ሜይፌር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከአምልኮ በኋላ ቆሜ አምስት ሰው እንደጎደለብኝ ተናገርኩ። ድራግ ሬስ ምን እንደሆነ የገባው አንድም ሰው አልነበረም። ሰው እንደጎደለብኝ ግን ሁሉም ገባው። የእኛ ሰው ሰው ጎደለ ከተባለ ለለቅሶ ይሁን ለሰርግ ሳይጠይቅ ይመጣል።

ቅዳሜ አምስት ባለሱቆች በአምስት ባኪ ፒክአፕ መጡ፤ የአንዱ ባኪ ድንች ገና አልወረደም ነበር። እንባዬ መጣ። መዝጋቢዋ ምዝገባውን ልትዘጋ ስትል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዳቦ በሚያመላልሱባት ነጭ ቫን ከተፍ አሉ።

«ጋሼ፣ ሞልቶልኛል እኮ፤ ለምን ተቸገሩ?»

«ግድ የለም ልጄ፣ ምናልባት አንዱ ቢቀር ብዬ ነው።»

የቀረ አልነበረም። ዘጠኝ ሆንን።

የተሰጠን አንድ አንድ ሙከራ ነበር። መብራቱ ሲበራ የስንት ዓመት ጉጉቴን ነዳጅ መስጫው ላይ ጫንኩት። ጎማዎቼ ባሉበት እየተሽከረከሩ ጨሱ፤ ጎልፌ ከጭሱ የወጣችው ዘግይታ ነው። ሽማግሌው ቫኗን ዳቦ እንደጫነች ሁሉ ረጋ ብለው አስነሱና ቀጥ አድርገው ነዱ። ውጤቱ ሲነበብ ድንቹ ሰባተኛ፣ ዳቦው ስምንተኛ፣ እኔ ዘጠነኛ ሆንኩ። በጣም ተናደድኩ። ደግሞ የምናደድበት ሰው ማጣቴ ባሰብኝ፤ ሁሉንም ለምኜ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ።

ሽማግሌው መዝጋቢዋ ዘንድ ሄደው ቦታቸውን ለእኔ እንድትሰጥ ለመኗት።

«አይቻልም ባባ» አለቻቸው። «ያለፈው የእርስዎ ሰዓት ነው፤ የእሱ አላለፈም።»

የተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኜ ቫኗ በመጀመሪያው ዙር ስትሸነፍ አየሁ።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሽማግሌው ተነሱ። «ያልለፋሁበትን፣ ያላሰብኩትን ማጣሪያ ጌታ አሳለፈኝ» ሲሉ ጉባኤው በእልልታ ተሞላ። ቀጥለው «መንገዱን የከፈተልኝ ይህ ወንድሜ ነው» ብለው እኔን አስነሱኝ። ሁሉም አጨበጨበ። በመኪና ጉዳይ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር ቶሎ አልተቀመጥኩም።