በእናትየው ስም የተጠራችው ሴል

በዚያ ከሰዓት ቡራዩ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ በተከራየናት ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን፦ ላፕቶፑን የያዘው የሰበታው ጓደኛችን፤ እናቷ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያሉት የሱሉልታዋ ልጅ፤ ቆጣሪ ሊያነቡ ገብተው የቀሩት፣ ኦቦ የምንላቸው አከራያችን፤ እና እኔ። እናትየውም በስልክ ነበሩ፤ እቆጥራቸዋለሁ።

ሦስታችን የሴል መረጃ መተንተን የተማርነው ከኢንተርኔት ነው። ከዕጢ የተወሰደ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው አንድ የፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው በውስጡ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ ያነባል። እኛ በንባቡ የካንሰሩን ሴል በሽታ ከሚከላከለው የሰውነት ሴል እንለያለን። መረጃው ተመራማሪዎች ውጭ አገር ሰብስበው በነፃ የለቀቁት ነው።

የሰበታው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተነጠለች የነጥብ ክምር አሳየን፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሴል ነው። የካንሰሩም የተከላካዩም ሴል ጂኖች አንድ ላይ ይሠሩባታል።

"አዲስ ዓይነት ሴል!" አለ። ወደ ልጅቷ ዞሮም፣ "በእናትሽ ስም ሰይሜያታለሁ።"

ስም ወጥቶ በደረቁ አይሆንም ተባለና የብርቱካን ለስላሳ ተከፈተ።

"በሽታ በሰው ስም ይጠራል እንዴ?" አሉ ኦቦ። "ጤነኛ ናችሁ?"

"ለክብር ነው ኦቦ፤ ይጠጡ።"

እኔ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። የነዚያ ነጥቦች የንባብ ብዛት የሌሎቹን እጥፍ ይጠጋል፤ ሁለት ሴሎች ተጣብቀው አንድ ጠብታ ሲገቡ የሚታየው ይኸው ነው። ኮዱን ወደ ላይ ገፋሁ። እንዲህ ተጣብቀው የገቡ ጥንዶችን የሚያጣራው መስመር እንዳይሠራ ምልክት ተደርጎበታል። የሰበታው በገዛ እጁ።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ሲያጣራ ትጠፋለቻ! አንተ ደግሞ ሠርግ ቤት የመጣህ ለቀስተኛ።"

ልጅቷ ለእናቷ ደውላ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋዋለች። "እማዬ፣ አዲስ ሴል ተገኘ፤ በስምሽ ሆነ!"

"እሰይ! ታዲያ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው? ያንን መርፌ ልተወው?"

የሰበታው ለስላሳውን ዋጥ አድርጎ፣ "መንገድ ላይ ነው እማማ" አላቸው።

"አይተዉት!" አልኩ። "ሴሏ የለችም፤ ሁለት ሴሎች ተጣብቀው ነው።"

ዘወር ብዬ ሳይ ስልኩ ተዘግቷል፤ መቼ እንደተዘጋ አላየሁም።

እናትየው በቀጠሮአቸው ሄደው መርፌውን ወሰዱ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም፤ የሄዱት የእኔን ቃል ሰምተው ይሁን የእሱን ውሸት አምነው አዲሱ መድኃኒት እስኪደርስ ብለው አላወቅሁም።

እዚያ የነበራችሁ ጨምሩበት። ኦቦ፣ ስልኩ ከእርስዎ አጠገብ ነበር፦ "አይተዉት" ስል መስመሩ ገና ክፍት ነበር?