እህቴና ሚሚ ያሏት ቀበሮ

እኔ የምሠራው በጥብቅ ሥፍራው በር ላይ ነው፤ የኪራይ ብስክሌት በሚጠገንበት ቆርቆሮ ቤት። ሰው ሣር ሜዳውንና ኮረብታውን ሊያይ ይመጣል፣ እኔ የማየው ግን የሰውን ጉድ ነው። ጠዋት አጥቤ፣ ፍሬኑን አጥብቄ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ የሰጠሁት ብስክሌት ከሰዓት ሲመለስልኝ መሪው በጣፋጭ መጠጥ ተለጣጥፎ፣ ቦርሳው ውስጥ የሙዝ ልጣጭ በስብሶ፣ የሄልሜቱ ስፖንጅ በላብ ርሶ ነው። ስፖንጁ ሲጨመቅ የሚወርደውን ነገር አልነግራችሁም፤ ምናልባት ምግብ ላይ ያለ ይኖራል። አንዱማ የተናፈጠበትን ሶፍት ደወሉ ሥር ወትፎ መለሰልኝ። ኤጭ! ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «ተፈጥሮ እንዴት መንፈስ ያድሳል!» ይለኛል። የሱ መንፈስ ሲታደስ የኔ አንጀት ሲገለበጥ።

ይህን ሁሉ ችዬ የኖርኩት ለእህቴ ስል ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እዚህም ያስቀጠረችኝ እሷው። እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ «አንተ ነጭናጫ»። ሥራዋ ብስክሌተኞችን ማስጎብኘት ነው። ሦስት መንገድ አለ፦ አንዱ ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ፣ ያለ አስጎብኚም የሚነዳ፤ አንዱ የወንዙን ዳር ይዞ የሚዞር፤ አንዱ ደግሞ ኮረብታውን የሚወጣ፣ ወገብ የሚቆርጥ ዳገት። ሦስቱም ኮረብታው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ይገናኛሉ፤ ሁሉም የሚያርፈው እዚያ ነው። እህቴ ዳገቱን የምትወጣ ናት። ቀጭን በመሆኗ በር ላይ ሲያዩዋት «ይቺ ናት የምትመራን?» ብለው የሚጠቃቀሱ ጎረምሶች አጋማሹ ላይ ብስክሌታቸውን እየገፉ «እባክሽ ትንሽ እንረፍ» ሲሏት መስማት ነው። እሷ ታዲያ ትንፋሿ እንኳ ሳይዛባ «አይዟችሁ፣ ዳገቱ አልቋል፣ የቀረው ተራራው ብቻ ነው» ትላቸዋለች።

በአንድ ነገር ብቻ አትቀልድም፤ አውሬ በማብላት። «ራሷን ችላ የምታድርን ፍጡር ለምን ለማኝ ታደርጓታላችሁ?» ትላለች። ማን ሰምቷት! ድንጋዩ ላይ ቁጭ ከማለታቸው ቦርሳቸውን ይፈታሉ፤ ሞርታዴላ፣ አይብ፣ ዳቦ፣ ምኑ ቅጡ። ሽታው ሜዳውን ሲያዳርሰው አንዲት ቀበሮ ከሣሩ ውስጥ ብቅ ማለት ለመደች። ወዲያው ስም አወጡላት፤ ሚሚ! አይጥ አሳዳ የምትበላ አውሬ ሚሚ ትባል? ያንገሸግሻል እኮ። ይሄ ሁሉ ጨውና ቅባት ሲገባባት ፀጉሯ እየተላጠ፣ ሆዷ እየተነፋ መጣ፤ እነሱ ግን «ወይኔ ስታምር!» ይላሉ። እህቴ ስትቆጣ መልሱ ያው ነው፤ «ምን አለበት፣ ታሳዝናለች።»

የፈራነው አልቀረም። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሞርታዴላውን በከንፈሩ ይዞ ተንበረከከና «ፎቶ አንሱኝ» አለ። በከንፈሩ! ቀበሮዋ ሞርታዴላውን ከነከንፈሩ ነጨችለት። በሩ ጋ ሲደርስ ፎጣ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ደም፣ ለሃጭና የሥጋ ፍርፋሪ ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።  ሰውዬው የእብድ ውሻ መርፌውን ተወግቶ ሳይጨርስ «ይህ አደገኛ አውሬ ይወገድልኝ» ብሎ አቤት አለ። ዓይን አውጣ!

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ያቆሰለና ሰው የሚጠጋ አውሬ ይገደላል። እህቴ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀራት። «አንድ ዕድል ይስጧት፣ ጋሼ። ሰው እንድትፈራ አደርጋታለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም፤ አሰበና «እሺ፣ የሚቀጥለው ወር መግቢያ ላይ ከጥበቃው ጋር ራሴ እመጣለሁ። ሰው አይታ ከሸሸች ትኑር። ከተጠጋች ግን ይተኩሳል፣ ያኔ እንዳትለምኚኝ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ቀበሮዋን በድንጋይ መቀበል ያዘች። ሣሩ ሲነቃነቅ ካየች ብስክሌቷን ጥላ፣ ያንን ብርቱካንማ የአስጎብኚ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ጣሳ እየደበደበች ታባርራታለች። ያ ሁሉ አብሊ ታዲያ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል። ሽቶ ውስጥ ተነክራ የወጣች የምትመስል አንዲት ደንበኛ አለች፤ እኔ እመቤት ሽቶ ነው የምላት። ሚሚዬ ስትል ነው የምትውለው። በሰው ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ አንጀት የለሽም?» አለቻት። እህቴ ጣሳዋን መደብደቧን ቀጠለች።

አንድ ቀን እህቴ መጥታ የጎማ ክምሩ ላይ ዘጭ አለች። 

«መታኋት» አለችኝ። «እግሯን። እያነከሰች ገባች።»

«እሰይ! አሁን ይገባታል።»

«ዝም በል አንተ!» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ግን ሠራ። ቀበሮዋ እህቴን ከሩቅ ስታይ ትፈተለክ ጀመር። እህቴም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ «ዛሬ ሰድባኝ ነው የሄደችው» እያለች ታወራልኝ ነበር።

የተባለው ቀን ደርሶ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠመንጃ የያዘው ጥበቃና እህቴ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ወጡ፤ እኔም ጎማ ቢፈነዳ ብዬ ትርፍ ካላማዳሪያ ይዤ ተከተልኳቸው። ቀበሮዋ ከሣሩ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ እህቴን አየች፣ እብስ አለች። ሥራ አስኪያጁ «አንቺ ልጅ፣ ቻልሽበት!» አለ። እህቴ ከደስታዋ ብዛት ጀርባዬን በቡጢ አለችኝ። ብስክሌታችንን አዙረን ትንሽ ፈቀቅ እንዳልን ከኋላችን «ሚሚ! ሚሚዬ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

ያለ አስጎብኚ በሜዳው መንገድ የመጡ ጎብኚዎች ናቸው፤ እመቤት ሽቶም አለችበት። ስንመለስ ቀበሮዋ የፊት እግሯን ሴትዮዋ ጭን ላይ ሰቅላ ትበላለች። እህቴን ስታይ ነው የፈረጠጠችው።

ክው አልን። ቀበሮዋ ሰውን አልነበረም የፈራችው፤ እህቴንና ያንን ብርቱካንማ ሰደርያ ነው። እህቴ ሁልጊዜ እሱን ለብሳ ነበር የምታባርራት፤ ብታወልቀው ወይም ሌላ ሰው ቢያባርራት ብሎ ያሰበ ከመሀላችን አልነበረም። ለቀበሮዋ የቀረው ሰው ሁሉ አሁንም ሞርታዴላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቀርቅሮ «በቃ» አለ። እህቴ አልለመነችውም።

ጥበቃው ሣሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እየሮጠች ብተኩስ አቆስላታለሁ። ሣር ውስጥ ገብታ ስትማቅቅ ነው የምትሰነብተው። ቀርባ፣ ቆማ ካልበላች ይቅርብኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እመቤት ሽቶ ዞረ። «እርስዎን ታምናለች። ጠርተዋት ምግቡን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ገለል ቢሉልን፣ ሳትሠቃይ…»

«እኔ? ሚሚን?» ብላ ጮኸች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም! ሆዴ አይችልም!» በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ስልኳን አወጣችና መቅረጽ ጀመረች። በዕድሜዬ ብዙ ቆሻሻ አጥቤያለሁ፤ የዚህን ዓይነቱን ግን በምን እንደሚያጥቡት አላውቅም።

እህቴ ሰደርያዋን አውልቃ ሰጠችኝና ወደ ሴትዮዋ ሄደች። «ጃኬትሽን አውሺኝ።»

እመቤት ሽቶ እያለቀሰች አወለቀችላት። «እንዳታቆሽሺው» አለቻት ደግሞ። እኔ ሰደርያውን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ወተፍኩት።

እህቴ ጃኬቱን ለበሰች፣ የተረፈውን ሞርታዴላ አነሳች። በሕይወቷ ለአንድም አውሬ ጉርሻ ሰጥታ የማታውቅ ሴት ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክካ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች «ነይ፣ ነይ» ማለት ያዘች። ቀበሮዋ እያነከሰች መጣች። ቆመች፣ አሸተተች፣ ሽቶውን አመነች። ከእጇ በላች። እህቴ የቀረውን ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ሸሸች። ጥበቃው ተኮሰ፣ ሁለተኛም አላስፈለገውም።

እመቤት ሽቶ ጃኬቷን በሁለት ጣቷ ተቀብላ፣ አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። ሥራ አስኪያጁም በሩ ላይ ሌላ ቡድን እየጠበቀ መሆኑን በቀስታ ነገረን። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከማን እንደምጀምር ግን አላወቅኩም። እህቴን ፍለጋ ዞር ስል ሣሩ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ዘርግታ ታየዋለች።

«እታለም፣ ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

«ላሰችኝ እኮ» አለች።