ሁለት ህንዶችና የእትዬ ማሾ

ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ስለ ሙቀቱ ያልነገረኝ ሰው የለም፤ ስለ ህንዶቹ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለት ነበሩ፦ የሒሳቡ ከማድራስ፣ የፊዚክሱ ከኬራላ። ሦስታችንም የምንበላው መኪና መንገዱ ዳር ባለች አንዲት ምግብ ቤት ነበር። ባለቤቲቱን ከከባድ መኪና ሾፌር እስከ ፖሊስ አዛዡ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል።

ህንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይቀምሱም። እትዬ ስለት ያለባቸው መስሏቸው አዘኑላቸው። አንድ ማክሰኞ ሽሯቸው ላይ ሳያስቡት ቅቤ ጣል አድርገው ኖሮ፣ ጾም አስገደፍኩ ብለው ሲደነግጡ ሁለቱም ሳህኑን ጠርገው ጭማሪ ጠየቁ።

«ቅቤ እንበላለን» አለ የማድራሱ።

ጥግ ላይ ምሳ ይበሉ የነበሩት ቄስ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ሥጋ ከልክሎ ቅቤ የሚፈቅድ ጾም ካለ፣ እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁን?» አሉ።

እትዬ ታዲያ በአገራቸው ምን እንደሚበሉ ጠየቋቸው። ባይጠይቁ ይሻል ነበር። የማድራሱ ዶሳ ስለሚባል ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ፣ ሳምባር ስለሚባል ኮምጣጣ የአትክልት ወጥ ማውራት ጀመረ። የኬራላው አላስጨረሰውም፤ ኮኮናት የሌለበት ምግብ የሆስፒታል ምግብ ነው አለ። «እናንተ ሻይም ላይ ኮኮናት ሳትጨምሩ አትቀሩም» አለው የማድራሱ። ከዚያ ሦስት ቀን ተኳረፉ። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ሆነ።

እትዬ ሰለቻቸው። «በአፍ አይጋገርም። እሁድ ኑና ሥሩልኝ» አሏቸው።

በገበያው ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። የማድራሱ አንዲት ሴት ፊት የተከመረ ሁመር ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቆላው ሰው በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው ኮምጣጣ ፍሬ ነው። አንስቶ አሸተተውና «እናቴ ቤት አለ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሻጯ ዋጋው ያስለቀሰው መስሏት ቶሎ ቀነሰችለት። ሩዝ ሲጠፋ እትዬ ሩዝ የበሽተኛ ምግብ ነው ብለው ማሾ የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ ሰጧቸው፤ በኮኮናቱ ፈንታ ደግሞ ኦቾሎኒ።

እሁድ ጉዱ ወጣ። ሁለቱም በሕይወታቸው ውሃ አፍልተው አያውቁም። እስከዚያ ድረስ ሲከራከሩ የከረሙት በእናቶቻቸው እጅ ኖሯል። የመጀመሪያው ቂጣ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ሁለተኛው ከሰለ። ሦስተኛው ተቦጫጭቆ ሲወጣ የኬራላው «የማድራስ ካርታ» አለው።

«ተነሱልኝ» አሉ እትዬ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሱና የማሾውን ሊጥ አሳስተው አዞሩት። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ቂጣ ወጣ። ህንዶቹ ቆርሰው አላመጡ።

«እህስ፣ የማን አገር ሆነ?» አሉ እትዬ።

ሁለቱ ተያዩ። «የአንድራዎች» አለ የማድራሱ እንደተሸነፈ ሰው። «ጎረቤቶቻችን ናቸው። በማሾ የሚጋግሩት እነሱ ናቸው።»

የኬራላው በዚህ ተስማማ። ተስማምተው ሰባት ሰባት በሉ።

ከካራቆሬ የሚመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ በክርስቲያን እጅ የታረደ ስለማይበሉ እዚህ ቤት ከሻይ አልፈው አያውቁም። ያን ዕለት ምጣዱን ሥጋ ነክቶት እንደሆነ ጠየቁና እንዳልነካው ሲያውቁ «ቢስሚላህ» ብለው ቄሱ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቂጣውን እትዬ በዚያ በሁመር በሠሩት ቀጭን የአትክልት መረቅ እያጠቀሱ ስለ ዝናብ አወሩ። እኔ መረቁን በኩባያ ጠጣሁት፤ አራት ጊዜ። ነጋዴው አዩኝና «አስተማሪ፣ ሁመር እኮ ሆድ ያጥባል» አሉኝ። የቆላ ሰው ወሬ ነው ብዬ ናቅኋቸው።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ግሥ እያስተማርኩ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ የፊዚክሱ አስተማሪ ሆዱን ይዞ ቆሟል፤ ውስጥ ያለው የሒሳቡ ነው። ሦስት ቀን የተኳረፉት ሰዎች አሁን በበሩ ስንጥቅ በኩል በእንግሊዝኛ ይለማመጡ ነበር። ዳይሬክተሩ ሦስት ክፍል ያለ አስተማሪ ሲንጫጫ ሰምተው መጡና እኛን አይተው ተመለሱ። ቄሱም ያን ዕለት ቅዳሴ አልገቡም ተባለ፤ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም።

እትዬ ቂጣውን አልተዉትም። ረቡዕና ዓርብ «የህንድ» እያሉ ለሾፌሮች ያቀርቡ ጀመር። ነጋዴው ከካራቆሬ በመጡ ቁጥር ሁመር ይዘውላቸው ይመጣሉ፤ እትዬም መረቁን በትንሽ ስኒ ብቻ ይቀዳሉ።