ስልኬን ያነሳችው ሴትዮ

ዛሬ የእጮኛዬ አባት አያ ሞላ ከኮላ ድባ ድረስ መጥተው "ሰርጉ ቀርቷል" አሉኝ።

"ምነው አያ?"

"ስልክህን ሴት አነሳችው። 'አሁን ማግኘት አይችሉም፣ ቆይተው ይሞክሩ' አለችኝ። በአንቱታ ነው ያናገረችኝ፣ ጨዋ ናት። ኋላ ግን በእንግሊዝኛ ሰደበችኝ።"

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚናገር የተቀዳ ድምፅ እንጂ ሰው አይደለም እያልኩ አፌ ደረቀ። ኔትወርኩን የሚያጠፉት ሌሎች፣ የምከሰሰው እኔ።

የልጃቸው ስልክ ዝግ መሆኑን ስለማውቅ፣ ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ ደወልኩና ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ያችው ሴትዮ መለሰች።

አያ ስልኩን መለሱልኝ። "ልጄም ታውቃታለች ማለት ነው። ለካ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ" ብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ደክሞኛል ወገን። ይችን ሴትዮ ለቤተሰቡ ማስረዳት የቻለ ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።