ሀፍሷና የአሮጌው ካባ ምንጭ

ሀፍሷ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጆንያ ትሸጣለች። ድምፅዋ ከሱቋ ቀድሞ ነው የሚገኘው፤ አዲስ ደንበኛ ሱቁ ቢጠፋበት ጆሮውን ተከትሎ ይደርሳል።

አንድ ቀን እስከዳር የምትባል የአፈር ባለሙያ ብዙ ጆንያ ፈልጋ መጣች።

"ምን ልትሞይበት ነው?"

"የታከመ ዝቃጭ።"

"ታሞ ነበር እንዴ?" ብላ ሀፍሷ ሳቀች። ነገሩ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መሆኑን ስትሰማ ግን አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች። እስከዳር ዝቃጩ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ተብላልቶ እንደደረቀ፣ ድንጋይ ወጥቶበት የተራቆተ አሮጌ ካባ ላይ ተበትኖ ሣር እንደሚያበቅል አስረዳቻት። የካባውን ቦታ ስትነግራት የሀፍሷ ሳቅ ቆመ። አክስቷ ዋፋ የሚኖሩት እዚያው ግርጌ ነው፤ የሚጠጡትም ከሥሩ የሚፈልቀውን ምንጭ ነው።

"አክስቴን በከተማ ሰገራ ልትጨርሺልኝ? አንድ ጆንያ አልሸጥልሽም!"

"እንግዲያው ነይና እዪው" አለች እስከዳር፣ ሳትቆጣ።

ሀፍሷ ሄደች። ውሃው ሥራው ሳይጀመር እንዲመረመር፣ ከዚያም በየጊዜው ውጤቱ ለመንደሩ እንዲነገር ካልሆነ አልሰማም አለች። እስከዳር ተስማማች፤ ጆንያውም ተሸጠ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ግን ዝቃጩን አጥቦ ምንጩ ውስጥ ከተተው። ውሃው ጠቆረ፤ በምርመራውም ከዝቃጩ የሚወጣው፣ ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ለመጠጥ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሀፍሷ ሱቋን ዘግታ ከች አለች።

"አላልኩሽም?"

"ብለሻል። ወደ ምንጩ በጣም አስጠግተነዋል፤ ጥፋቱ የኛ ነው።"

ለክርክር ተዘጋጅታ የመጣችው ሀፍሷ "እንግዲያው ዛሬውኑ አንሡት!" አለች። መንደሩ የቦቴ ውሃ እየመጣለት፣ ከምንጩ በላይ ያለው ዝቃጭ ተነሣ፣ ጎርፉን የሚመልስ ቦይም ተቆፈረ። ሀፍሷም ቀሚሷን ሰብስባ አካፋ ያዘች። ከመቆፈር ይልቅ ማዘዝ ብታበዛም ሥራው በእሷ ጩኸት ፈጠነ።

በሚቀጥለው ክረምት ካባው ለመለመ። ናይትሬቱም ወርዶ ውሃው ለመጠጥ ተፈቀደ። ከተራቆተው መሬት በየክረምቱ ይወርድ የነበረው ጭቃ ስለቀረም ምንጩ እንደ መስታወት ጠራ።

"ድሮ በክረምት ሻይ ቅጠል አልገዛም ነበር፤ ውሃው ራሱ ሻይ መስሎ ነበር የሚወርደው" አሉ ዋፋ፣ ለእስከዳር ብርጭቆ እየሞሉ።

ሣሩ ተመርምሮ ለከብት ይሆናል በተባለ ሰሞን አረፋ ደረሰ። ዋፋ ሀፍሷ ለበዓሉ ለገዛችው በግ ትልቅ እስር ሣር አጭደው አሸከሟት።

"አክስቴ፣ ይበቃል! ታክሲው አይጭነኝም እኮ!"

"አንቺን ይተውሽና ሣሩን ይጫን!"

ሀፍሷ ሣሩን ታክሲው ጣሪያ ላይ አሳስራ መርካቶ ገባች። ሣሩ ለእሷ በግ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ከድምፅዋ የሰማው ገና ከታክሲው ሳትወርድ ነው።