የጋኑ ቂጥ

ትናንት ከመንገድ ዳር አበባ ሻጭ ዝርግ የሸክላ ማሰሮ ገዛሁና ምን ብተክልበት ይሻላል አልኩት። «ለዚህማ ሥሩ የማይጠልቅ ነው» ብሎ እንዳሁላ አነሳልኝ። ቅጠሉ እጁ ላይ ተሰብሮ ሸተተኝ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ልጅ ሆኜ፣ ነቀምት ነበርን። አባቴ ከጎጃም ተሹሞ የመጣ ዳኛ ነው። አንድ እሑድ እናቴ የጠመቀችው ጠላ ቀጥኖ እንግዶቼ ፊት አዋረደችኝ ብሎ፣ ሰዎቹ እንደወጡ ጋኑን በጠመንጃ ሰደፍ አደቀቀው። በዚያው ሰደፍ እናቴን ግንባሯን ፈነከታት። ጌሾ ጌሾ የሚል ጠላ ከደሟ ጋር እግሬ ሥር ፈሰሰ። ከጋኑ የተረፈው ቂጡ ብቻ ነበር፤ እንደ ገበቴ ዝርግ።

በማግስቱ እናቴ፣ ግንባሯን በሻሽ እንዳሰረች፣ አፈር ሞላችበትና ጽጌረዳ ልትተክል ተቀመጠች። አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በጓሮ በር ገብተው ዝንጣፊውን ከእጇ ነጠቋት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጽጌረዳ ጥልቅ አፈር ይፈልጋል» አሉና ከጓሯቸው የቆረጡትን እንዳሁላ ሰኩበት። «ይኼ ባለው አፈር ይኖራል። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ አድርገሽ ቁስሉ ላይ ትለጥፊያለሽ። አሁን አንዱን፤ የቀረውን ለሚቀጥለው።»

«የሚቀጥል የለም» አለች እናቴ።

አዴ ጫልቱ አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁት።

«ጉልበትዎ ድረስ ያድግልዎታል፣ እማማ» አለኝ አበባ ሻጩ እንዳሁላውን እያቀበለኝ።

እንዲህ እንደሚያድግ አላውቅም ነበር። የእኛ እንዳሁላ እየተቀነጠሰ፣ ነቀምትን እስክንለቅ ድረስ ከጋኑ ጠርዝ በላይ ቅጠል ኖሮት አያውቅም።