ሚካኤልን ብዬ የወሰድኩት ደም

የልጅ ልጄ ትናንት ከዩኒቨርሲቲው ከማራኪ ግቢ እየበረረች መጣች። «እምዬ፣ መምህሬ ለጥናቱ እኔን መረጠኝ! ከመስቀል በኋላ ደምቢያ ወርደን ደም እንሰበስባለን» አለችኝ። እልል ማለት ሲገባኝ «ለምን አንቺን?» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ክፋት አልነበረም፤ እኔንም አንድ ጊዜ መርጠውኝ ስለነበር ነው።

በንጉሡ ዘመን እዚሁ ጎንደር የጤና ተማሪ ነበርኩ። የቤተ ሙከራ መምህራችን ንዳድን፣ የዛሬውን ወባ፣ ያጠና ነበርና ከክፍላችን ረዳት አድርጎ እኔን ጠራኝ። ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኔ ስለታም ቢሆን ነው ብዬ ኮራሁ። ቄሱ አባቴ እስኪሰለቻቸው ድረስ አወራሁላቸው።

ዝናቡ እንዳባራ በማኪና ወደ ደምቢያ፣ ወደ ኮላ ድባ ወረድን። የመረሬው ጭቃ ጎማውን እየዋጠ ስንት ጊዜ ወርደን እንደገፋን! መንደሩ ስንደርስ ግን ለመርፌ ጣቱን የሚሰጠን ሰው ጠፋ። ሽማግሌው አያ ተሰማ፣ ንዳድ የሚያንቀጠቅጣትን ልጃቸውን ደግፈው፣ «ደማችንን ወስዳችሁ ለእኛስ ምን ልታመጡልን?» አሉ።

መምህሬን አየሁት። «መድኃኒት እናመጣለን በያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የቄስ ልጅ ነኝ» አልኩ። «ሚካኤልን! ለኅዳር ሚካኤል መድኃኒቱን ይዤ እመጣለሁ።»

አያ ተሰማ መጀመሪያ የራሳቸውን ጣት ዘረጉ፣ ቀጥለው የልጃቸውን። መንደሩ ተከተለ። ስንመለስ የሽምብራ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ።

የልጃቸውን ደም በማይክሮስኮፕ ሳየው ንዳዱ ሞልቶታል። «መድኃኒቱስ?» ባልኩ ቁጥር መምህሬ «ቆይ» ይለኛል። መድኃኒት ቤቱን ለመንኩ፤ ያለ እሱ ፊርማ አንሰጥም አሉኝ። ኅዳር ገባ። አንድ ቀን ገርበብ ባለው በር ለባልደረባው ሲያወራ ሰማሁት። «እኔ የምፈልገው ደሙን ነበር። የቄስ ልጅ ይዤ ባልሄድ ማን ጣቱን ይሰጠኝ ነበር?» ሁለቱም ሳቁ። ለካ የተመረጠው ዓይኔ አልነበረም። በአባቴ ክህነት ነግዶብኛል፤ እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ተሸጥኩለት።

ለኅዳር ሚካኤል ብቻዬን፣ ባዶ እጄን ወረድኩ። አያ ተሰማ ልጃቸውን ከቀበሩ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። አልተቆጡም። አጎዛ ዘርግተው አስቀመጡኝ።

«ደሙስ ይሁን» አሉ። «ምነው ሚካኤልን ጨመርሽበት?»

ይህን ሁሉ ትናንት ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «እኔስ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «የሌለሽን ተስፋ አትስጪ። እውነቱን ንገሪያቸው፤ እምቢ ካሉሽ ተመለሽ» አልኳት። መምህሬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ለምን እዋሻለሁ።

በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ቤተሰቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኔ ደጁን ስሜ ውጭ እቀራለሁ። ጉልበቷን አሟት ነው ይላሉ። ጉልበቴ ደህና ነው።